አልዱባ ገበያ ላይ ሁለቴ የተሞሸረው ፎቶ አንሺ

ፎቶ አንሺ ሚስት ማግባት የለበትም! አዎ፣ ብያለሁ። እኔ ሥልጣን ቢኖረኝ ኖሮ መጀመሪያ የማወጣው አዋጅ ይኸው ነበር። ማግባቱ የግድ ከሆነበትም ሰርጉ መፈጸም ያለበት ዓይኑ በጨርቅ ታስሮ፣ እጁም በጠፍር ተጠፍሮ ነው። ቆይ... አትቆጡ! ከእናንተ መካከል ፎቶ አንሺ ያገባችሁ፣ ለፎቶ አንሺ የዳራችሁ፣ እንደ እኔም ራሳችሁ ፎቶ አንሺ የሆናችሁ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። መጀመሪያ ታሪኩን ስሙኝ፤ ከዚያ በኋላ ብትፈልጉ ፍረዱብኝ።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው። ያኔ ጂንካ ሁለት ፎቶ ቤት ነበራት። አንደኛው የእኔ፣ ሁለተኛው የማቴዎስ። ይህን ወግ ማቴዎስ ቢጽፈው ኖሮ ቅደም ተከተሉን ይገለብጠው እንደነበር ግን አልደብቃችሁም። ቤቶቻችን ፊት ለፊት ነበሩ፤ በመካከላችን ያለው መንገዱ ብቻ ነው። ደንበኛ ከእኔ በር ወጥቶ መንገዱን ሲሻገር ካየሁ የዚያን ቀን ምሳ አይወርድልኝም። ከእሱ ወጥቶ ወደ እኔ የሚመጣ ካለ ደግሞ ማቴዎስ በሩ ላይ ቆሞ፣ "ጋሼ ይጠንቀቁ፣ እዚያ ቤት አንገትዎን ይቆርጡታል!" ብሎ ይጮኻል። ፎቶ ላይ ማለቱ ነው... ግን ደንበኛው ይህን እንዴት ይወቅ? ሆኖም ኬሚካል ሲያልቅብኝ የምሮጠው ወደ እሱ ነው፤ እሱም አምፑል ሲቃጠልበት የሚሮጠው ወደ እኔ ነው። እሑድ እሑድ ደግሞ ምሳ አብረን እንበላለን። ጓደኛዬ ነው፤ ምን ላድርግ?

ማቴዎስ የጎፋ ልጅ ነው። አንድ ካሜራ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ጂንካ ገባ፣ በዚያው ቀረ። ሙያው ላይ አንድም እንከን አይወጣለትም። የእሱ ችግር ማረፍ አለመቻሉ ነው። ያየውን ነገር ሁሉ ሳያስተካክል ማለፍ አይሆንለትም። ሰው ሰላም ሲለው እንኳ "ትንሽ ወደ ግራ" ይላል። አንድ ጊዜ ለቅሶ ልንደርስ አብረን ሄደን፣ የሟች እኅት ደረታቸውን እየደቁ ሲያለቅሱ ማቴዎስ ጠጋ ብሎ፣ "እማማ፣ ወደ መስኮቱ ዞር ቢሉ ብርሃኑ ያገኝዎታል" አላቸው። ጎትቼ ያወጣሁት እኔ ነኝ። እኔ ባልኖር ኖሮ ሁለተኛ ለቅሶ ይከተል ነበር!

ይህ ሰው እናት አሉት፤ እማማ ወርቅነሽ ይባላሉ። ጎፋ ነው የሚኖሩት። ያኔ ሰው ከጎፋ ጂንካ የሚመጣው በአርባ ምንጭ ዞሮ፣ ከጭነት መኪና ጭነት መኪና እየቀያየረ፣ ወንዝ ሲሞላ ወንዝ ዳር እያደረ ነበር። ስለዚህ እናትና ልጅ የሚገናኙት በሹፌር በሚላክ ደብዳቤ ብቻ ነው። የእማማ ወርቅነሽ ደብዳቤ ደግሞ ይዘቱ አንድ ነው፤ "መቼ ነው የምታገባው?" የሚል። ማቴዎስ ደብዳቤው ሲበዛበት ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ጨለማ ክፍሉ ገባ፣ ከድሮ ኔጋቲቮች አንዲት ቆንጆ መርጦ ቆረጠ፣ ከራሱ ፎቶ አጠገብ ለጠፋት፣ እንደገና አነሣው፣ አጠበው፣ "እጮኛዬ ይህቺ ናት" ብሎ ላከላቸው!

እማማ ወርቅነሽ በግ አረዱ። ጎረቤት ተጠራ። ፎቶው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ እልልታው ቀለጠ። ሁሉም በልቶ ጠጥቶ ከሄደ በኋላ እማማ ፎቶውን በር ላይ ይዘው ወጡና ረጋ ብለው አዩት። የልጅቷ ጥላ ወደ ቀኝ ወድቋል። የልጃቸው ጥላ ወደ ግራ። በሚቀጥለው ሹፌር የመጣው መልእክት እንዲህ የሚል ነበር፦ "ልጄ፣ ያለህበት አገር ስንት ፀሐይ ነው ያለው? ከእንግዲህ ሰርግህን በዓይኔ የሚያሳይ እውነተኛ ፎቶ ካላየሁ አንድ እግሬን ከቤቴ አላነሣም። መንደሩ መሳቂያ አድርጎኛል።"

እግዜር ሲጥለው ደግሞ ማቴዎስን እውነተኛ ፍቅር ያዘው። ማክሰኞ ማክሰኞ አልዱባ ገበያ እየሄደ የመታወቂያ ፎቶ ያነሣ ነበር። ግራር ላይ ነጭ አንሶላ ይሰቅልና ገበያተኛውን ተራ በተራ ያቆማል። ከጎኑ ጨውና ሳሙና የምትሸጥ ራሔል የምትባል ልጅ ነበረች። የአሪ ልጅ ናት። ቤት ውስጥ አሪኛ፣ ገበያ ላይ የበናዎቹን ቋንቋ በንኛ፣ ከማቴዎስ ጋር ደግሞ አማርኛ ትናገራለች። እሱ "ወደ ሌንሱ ይመልከቱ" ሲል በበንኛ የምትተረጉምለት እሷ ናት። የመጀመሪያው ንግግራቸው ይህ ነበር ይባላል፦

"እኅቴ፣ የጨው ጆንያሽን ትንሽ ወደዚያ ብታደርጊው?"

"አንተ ለምን ዛፉን ወደዚያ አታደርገውም?"

እስከዚያ ቀን ድረስ ማቴዎስን "ራስህ ተስተካከል" ያለው ሰው አልነበረም። በዚያው ቀን አለቀለት!

ሽማግሌ ይዘን አባቷ ዘንድ ሄድን። አቶ ዮሐንስ ይባላሉ፤ ገበሬ ናቸው፣ ጸሎተኛ፣ ረጋ ያሉ ሰው። "እናትህስ?" ብለው ጠየቁት። ማቴዎስ መዋሸት ሰልችቶት ነው መሰለኝ የበጉንም፣ የሁለቱንም ፀሐይ ታሪክ አንድ ሳያስቀር ዘረገፈላቸው። አቶ ዮሐንስ እስኪያነቡ ሳቁ። ሲስቁ ቆዩና ግን ድንገት ቀጥ አሉ።

"እናቱን ያታለለ ሰው እኔን ማታለልስ ምን ይሳነዋል? ልጄ ወድዳሃለች፤ ሰርጉን ሥራ፣ አልከለክልህም። ነገር ግን እናትህ እዚህ መጥታ 'ልጄ ነሽ' ካላለቻት፣ ራሔል ከቤቴ ወጥታ ቤትህ አትገባም። ተጋብታችሁም ቢሆን አትገባም!"

ገባችሁ? እናት ፎቶውን ሳያዩ አይመጡም። አባት እናት ሳይመጡ ልጅ አይሰጡም። የማቴዎስ ትዳር የተንጠለጠለው በአንድ ፎቶ ላይ ነው። ሌላው ሙሽራ ስለ ዳስና ስለ ሰንጋ ሲያስብ ማቴዎስ የሚያስበው "ማንም ሰው ቆርጦ ሊለጥፈው የማይችል ፎቶ" ስለሚባል ነገር ነበር። አንድ እሑድ ምሳ ላይ ጉርሻውን አፉ ውስጥ እንደያዘ ብድግ አለ።

"አልዱባ! ገበያ መካከል! ማክሰኞ እኩለ ቀን! ያን ሁሉ ሕዝብ፣ ያን ሁሉ ፍየል ማን ቆርጦ ይለጥፋል? እናቴ ይህን ካላመነች ምን ታምናለች?"

"ሰርግ ገበያ ላይ?" አልኩት። "ያለ ዳስ? ያለ ወንበር?"

"ጸሎት ቤቱን እንደሆነ መንግሥት ዘግቶታል። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ያጋቡናል። አንተ ታነሣለህ።"

ልቤ ሞቀ። ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ሙያዬን አመነበት ብዬ ዓይኔ እንባ ሊያቀርር ሲል፣ "ምን ላድርግ፣ ሌላ ሰው የለማ" አለኝ።

ያን ሳምንት ያሳለፍኩትን እኔ ነኝ የማውቀው። በየቀኑ መንገዱን ተሻግሮ እየመጣ ትምህርት ይሰጠኛል። "ስታነሣ ትንፋሽህን ያዝ።" "ፀሐይዋን ከኋላህ አድርግ።" "የእኔ የግራ ፊቴ ነው የሚያምረው።" እኔ! የአገሩን አስተዳዳሪ ያነሣሁ ሰውዬ! በራሴ ካሜራ እንዳላነሣም ከለከለኝ፤ የራሱን ሰጠኝ። ፊልሙ ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ያኔ ፊልም እንደ ዛሬ ከየሱቁ የሚገዛ እንዳይመስላችሁ፤ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን መጥቶ፣ ከተማችን መካከል ካለው የሣር ሜዳ ላይ እስኪያርፍልን አንጋጠን የምንጠብቀው ነገር ነበር። "ፊልሙን ካሜራው ውስጥ እኔ ላጉርሰው" አለኝ። በዚህ ጊዜ ግን ንዴቴ አናቴ ላይ ወጣ።

"ማቴዎስ! አንተ ካሜራ በየት በኩል እንደሚከፈት ሳታውቅ እኔ ፊልም ሳጎርስ ነበር! ሙሽራ ነህ፣ አርፈህ ሙሽራ ሁን!"

እንዲህ ብዬ ነጥቄው ኪሴ ከተትኩት። ከተትኩትና... ረሳሁት። ትዝ ያለኝ ማክሰኞ ጠዋት በጭነት መኪና ተጭነን ቀይ አፈር ከተማን ካለፍን በኋላ ነው። መኪናው እንደ ወንፊት ያንጓልለናል። አቧራው አያድርስ ነው። ማቴዎስ ከፊት ጋቢና ተቀምጧል፤ እኔ ከኋላ፣ የበቆሎ ጆንያ ላይ። ጃኬቴን አከናንቤ ካሜራውን ከፈትኩ፣ የፊልሙን ጫፍ መጠምጠሚያው ውስጥ ወሸቅ አደረግሁ፣ መኪናው ጉድጓድ ገባና ዘለልን፣ ክዳኑን ቀጭ አድርጌ ዘጋሁት። ጫፉ መያዝ አለመያዙን አላየሁም። ለምን ልይ? ስንት ዓመት የሠራሁበት እጅ ነው!

አልዱባ ስንደርስ ገበያው ሞልቷል። የበና፣ የሐመር፣ የፀማይ፣ የአሪ ሰው፤ ማሩ፣ ቅቤው፣ ማሽላው፣ ፍየሉ... ሁሉም አለ። ራሔል ነጭ ቀሚስ ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ በጨው ጆንያዎቿ መካከል ቆማለች። ልንገራችሁ፣ እንዲህ ያማረች ሙሽራ በፎቶ ቤቴ ሌንስ ፊት ቆማ አታውቅም። ያጠገቧ ሴቶች ገበያቸውን ሳይተዉ እልል ይላሉ፤ በእልልታው መካከልም "ያንን ቅቤ አትንካ!" እያሉ ሌባ ይቆጣሉ።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር መዝገባቸውን ታቅፈው የጭነት መኪናችን ላይ ወጡ፤ ሙሽሮቹንም አጠገባቸው አቆሙ። ሰውየው ስብሰባ እንጂ ሰርግ መርተው አያውቁም። "የዕለቱ አጀንዳ ጋብቻ ነው" ብለው ጀመሩ። ስለ ምርት ዘመቻ ተናገሩ። ስለ ማዳበሪያ ተናገሩ። እኔም ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ እያደረግሁ ነው። በግራ አነሣሁ፣ በቀኝ አነሣሁ፣ ጆንያ ላይ ወጥቼ አነሣሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የተዋጣልኝ ቀን አልነበረም።

በመጨረሻ ሊቀመንበሩ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ "ማቴዎስ! ራሔልን ሚስትህ አድርገህ ትቀበላታለህ?" አሉ።

ማቴዎስ አንገቱን ሰገግ አደረገ።

እያየ ያለው ሊቀመንበሩን አይደለም፤ ራሔልንም አይደለም። ዓይኑን የተከለው እኔ እጅ ላይ ባለው ካሜራ ላይ ነው። በካሜራው ግራ ጫፍ አንዲት ትንሽ ክብ ቁልፍ አለች፤ ፊልሙ አልቆ ወደ ቤቱ የሚጠቀለልባት። ፊልሙ በትክክል ከተያዘ፣ ባነሣችሁ ቁጥር አብራ ዞር ትላለች። ሰው አያያትም። ፎቶ አንሺ ግን ያያታል።

"ትቀበላታለህ ወይ?" አሉ ሊቀመንበሩ እንደገና።

"አትዞርም!" ብሎ ጮኸ ማቴዎስ።

"ምኗ ነው የማይዞረው?" ብለው ደነገጡ ሊቀመንበሩ።

ማቴዎስ ሙሽራዋን በቆመችበት ትቶ ከመኪናው ላይ ዘለለና እንደ ነብር መጣብኝ። "ታዬ! ቁልፏ አትዞርም! አንድም ጊዜ አልዞረችም! ፊልሙ አልያዘም!" እኔ ቁልቁል አየሁ። የፊልሙን ማሳለፊያ አንድ ጊዜ ገፋሁ። ቁልፏ ንቅንቅ አላለችም።

"ክፈተውና እንይ" አለኝ።

"እብድ ነህ? በዚህ ፀሐይ? ቁልፏ ላልታ እንደሆነስ? ፊልሙ ይዞ ከሆነ የተነሣው ሁሉ ይቃጠላል!"

"አልያዘም እያልኩህ ነው!"

"ይዞ ከሆነስ?"

"ባይዝስ?"

እንዲህ እየተባባልን ሕዝብ ከበበን። መፍትሔው ጨለማ ነው። ጨለማ ከየት ይመጣል፣ በእኩለ ቀን፣ አልዱባ? ማቴዎስ ዞር ዞር ሲል ዓይኑ አቶ ዮሐንስ የለበሱት ወፍራም ጋቢ ላይ ዐረፈ። "አባባ፣ ይቅርታ!" ብሎ ከትከሻቸው ገፈፈው። አማቱን! በሰርጉ ቀን! ከዚያ እኔንና ካሜራውን ጠቅልሎ፣ ራሱም ገባና፣ ሁለታችንም ጋቢ ውስጥ ተሸፋፍነን መሬት ላይ ቁጢጥ አልን።

እስቲ ነገሩን ከውጭ ሆናችሁ ተመልከቱት። ሙሽሪት በነጭ ቀሚስ መኪና ላይ ብቻዋን ቆማለች። ሙሽራው ከአንድ ጎልማሳ ሰውዬ ጋር አንድ ጋቢ ተከናንቦ ገበያ መካከል ይንፈራገጣል። "ቀስ!" "እጅህን አንሣ!" "እኔ ልያዘው!" የሚል ድምፅ ከውስጥ ይሰማል። ከዚያ አንድ የበና ሽማግሌ ትንሿ በርኩማቸው ላይ እንደተቀመጡ አንድ ነገር ተናገሩ፤ በንኛ የሚሰማው ሕዝብ በሳቅ ፈረሰ።

"ምን አሉ?" ብለው ጠየቁ ሊቀመንበሩ።

ራሔል እየሳቀች ይሁን እየተናደደች በማይታወቅ ድምፅ ተረጎመችላቸው፦ "'ልጄ፣ ይሄ ሰው ያገባው አንቺን ነው ወይስ ያንን?' ነው የሚሉኝ።"

ጋቢው ውስጥ ግን ሳቅ የለም። ማቴዎስ በዳበሳ ካሜራውን ከፈተ፣ ጣቱን አስገባ... ፊልሙ ጥቅልል ብሎ በቆርቆሮው ውስጥ ተኝቷል። አልተነካም። ንጹሕ ነው።

"ስንት ጊዜ አነሣህ?" አለኝ በቀስታ።

"አሥራ ሰባት።"

"አሥራ ሰባት ጊዜ አየር አነሣህልኝ" አለኝ።

ይጮኽብኛል ብዬ ነበር። ይመታኛልም ብዬ ነበር። እሱን ግን ጨለማው ውስጥ አፍንጫውን ሲስብ ሰማሁት። "እናቴ አትመጣም ታዬ" አለኝ። አፈርኩ። መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ እንዴት ደስ ባለኝ! የዚያን ሰው ትዳር በጉራዬ ምክንያት ጆንያ ላይ ተቀምጬ አበላሸሁት። "ይቅር በለኝ" ስለው ጊዜ አላጠፋም፤ ፊልሙን ራሱ አጎረሰው፣ ቁልፏን ዞር ዞር አድርጎ ሞከራት፣ ጋቢውን ገፎ ብድግ አለ።

"ጓድ ሊቀመንበር! ሰርጉ ይደገም!"

ሊቀመንበሩ መዝገባቸውን ገለጡ፣ ከደኑ፣ ገለጡ። "አጀንዳው በግማሽ ነው የተቋረጠው ወይስ አልተጀመረም? ምን ብዬ ነው የምጽፈው? እንዲህ ያለ አሠራር የለም!" ብለው ተጨነቁ። ሹፌሩ በበኩሉ ጡሩምባውን ይነፋል፤ ተራራው ላይ ደመና ጠቁሯል፣ ወንዙ ከሞላ መንገድ ላይ መቅረታችን ነው። በመጨረሻ ሊቀመንበሩ የሚያውቁትን ብቸኛ ዘዴ ተጠቀሙ፤ "ሰርጉ እንዲደገም የምትደግፉ እጅ አንሡ!" አሉ። ራሔል በበንኛ ተረጎመች። የገበያው እጅ በሙሉ ብድግ አለ። ፍየል የያዘውም በአንድ እጁ አነሣ። "ሰርጉ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል!" ተባለና ሁለተኛው ሰርግ ተጀመረ።

እናንተ ደግሞ "እንኳን በሰላም አለቀ" ልትሉ ነው። የት አባቱ! ማቴዎስ ከአሁን በኋላ እኔን ያምነኛል? ካሜራውን ወደ ዓይኔ ሳስጠጋ ሙሽራው ከቦታው የለም። ሊቀመንበሩን አገጫቸውን ቀና ሊያደርግ ሄዷል። ተመለሰ። ካሜራውን አነሣሁ። የለም፤ አንዲት ፍየል ሊያርቅ ወርዷል። ተመለሰ። አነሣሁ። የለም፤ እኔ አጠገብ ቆሞ ሌንሱን በከረቫቱ ይወለውላል። "ሂድልኝ!" አልኩት። ሄደ። ራሔል ብቻዋን እያገባች ነው። ነጠላዋን ሦስት ጊዜ አስተካክላ፣ ሦስት ጊዜ ፈገግ ብላ፣ ሦስት ጊዜ ባዶ ቦታ አጠገብ ቆማለች። ሊቀመንበሩ "ትቀበላታለህ?" ሲሉ የሚሰማቸው ፍየሏ ብቻ ናት።

አራተኛ ጊዜ ሊወርድ አንድ እግሩን ሲያነሣ የራሔል ትዕግሥት አለቀ። በሁለት እጇ የኮቱን ኮሌታ ጨመደደችና ወደኋላ ሳበችው።

"ማቴዎስ! የት ነው የምትሄደው? ሰርጉ ወዲህ ነው!"

ተጫንኩት። ቀጭ! ለምን እንደተጫንኩት አላውቅም፤ ጣቴ ራሱ ነው የተጫነው። ፊልሙን ሳሳልፍ ቁልፏ ዞረች።

ከዚያ በኋላ ማቴዎስ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ቆመ። "እቀበላለሁ" አለ። እኔም የቀረውን ፊልም በሥርዓቱ ጨረስኩ። እልልታው ሳያልቅ ዝናቡ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ፤ ሹፌሩም ሞተሩን አስነሣ። አቶ ዮሐንስ ቃላቸውን አላጠፉም። ጋቢያቸውን አራግፈው ለበሱ፣ ልጃቸውን በእጇ ያዙና ወደ ቤታቸው ሄዱ። ማቴዎስ ከነኮቱ፣ ከነከረቫቱ፣ ከእኔ ጋር ጆንያ ላይ ተቀመጠ። መንገድ ላይ የተሳፈረ ሰው ሁሉ ደረቱ ላይ የተሰካውን የሙሽራ አበባ እያየ፣ "ሙሽሪትስ?" ይለዋል። እሱ ወደ እኔ ይጠቁማል።

ፊልሙን አብረን አጠብነው። ጥሩ ነበሩ። በተለይ አንደኛው... ሁለቱ ጎን ለጎን ቀጥ ብለው ቆመው፣ ብርሃኑ ተስተካክሎ፣ ከኋላ ገበያው ወለል ብሎ። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ነው። ያቺ የኮሌታዋ ፎቶ ግን ጉድ ነበረች። ማቴዎስ አፉ ተከፍቷል፣ አንድ ዓይኑ ተጨፍኗል፣ ከረቫቱ ትከሻው ላይ ወጥቷል። ራሔል ነጠላዋ ወድቆ፣ እግሯን ተክላ፣ በሁለት እጇ ይዛዋለች። ከሊቀመንበሩ ግማሽ ፊት ብቻ ነው የሚታየው። ከታች ያ የበና ሽማግሌ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ።

"አቃጥላት!" አለኝ ማቴዎስ። "እሺ" አልኩት። አንድ ቅጂ ግን አጥቤ መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኩ። ፎቶ አንሺ ነኝ፤ ፎቶ አላቃጥልም።

ቆንጆዋ ፎቶ ወደ ጎፋ ተላከች። ሳምንት አለፈ፣ ሁለት ሳምንት አለፈ። በአራተኛው ሳምንት ሹፌሩ ፖስታውን መልሶ አመጣው። ፎቶዋ ከውስጥ አለች። ከጀርባዋ በሌላ ሰው እጅ የተጻፈ የእማማ ወርቅነሽ ቃል ነበር፦ "ይህችንም ሠራሃት። እጅህ ተሻሽሏል። ግን እኔ ወልጄሃለሁ፤ አንተ አንድ ቀን እንዲህ ጸጥ ብለህ ቆመህ አታውቅም።"

የማቴዎስ ቅስም ተሰበረ። ፎቶ ቤቱን ዘጋ። ደንበኛው ሁሉ መንገዱን ተሻግሮ ወደ እኔ ጎረፈ። ስንት ዓመት የተመኘሁት ቀን ነበር፤ ሲመጣ ግን አንድ ጉርሻ አልወረደልኝ አለ። ማክሰኞ ማክሰኞ አልዱባ ይሄድና ሚስቱ አጠገብ፣ ጨው ጆንያ ላይ እንደ እንግዳ ተቀምጦ ይውላል፤ ሲመሽ እሷ ወደ አባቷ፣ እሱ ወደ ጂንካ። የገዛ ሚስቱን የሚያያት በገበያ ቀን ብቻ ነው! አንጀቴን በላው። ለእሱ አንድም ቃል ሳልተነፍስ መሳቢያዬን ከፈትኩ፣ ያቺን ጉደኛ ፎቶ አወጣሁ፣ ከጀርባዋ "እማማ፣ ያነሣሁት እኔ ታዬ ነኝ። ጥፋቱ ሁሉ የእኔ ነው" ብዬ ጽፌ ለሹፌሩ ሰጠሁት።

አንድ ሰኞ ቀን፣ ፎቶ ቤቴ በር ላይ ከእግር እስከ ራሳቸው አቧራ የለበሱ አንዲት አጭር ሴትዮ ቆሙ። ፎቶዋን በእጃቸው ይዘዋል።

"ታዬ የሚሉት አንተ ነህ?"

"አዎ እማማ..." አልኩ።

"ይህቺ ገበያ መቼ ነው የምትቆመው?"

"ነገ ነው እማማ።"

"ውሰደኝ። ለእሱ እንዳትነግረው!"

በማግሥቱ አልዱባ ስንደርስ ማቴዎስ ጆንያው ላይ ተክዞ ተቀምጧል። እናቱን ሲያይ ብድግ አለ። እማማ ወርቅነሽ ግን በአጠገቡ አልፈውት ሄዱ። ራሔል ፊት ቆሙ። ፎቶዋን አዩ፤ የራሔልን እጆች አዩ፤ እንደገና ፎቶዋን አዩ። አቶ ዮሐንስ ከገበያው ማዶ ቀስ ብለው መጡ።

"ይህ እጅ ያንቺ ነው?"

"የእኔ ነው እማማ" አለች ራሔል አንገቷን ደፍታ። "ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ተናድጄ ነው..."

"ምን ይቅርታ አለው!" ብለው ሁለት እጆቿን አፈፍ አድርገው ሳሙ። "ልጄ! እኔ ይህን ልጅ አንድ ቦታ ይዤ ለማቆም ዕድሜዬን ጨረስኩ። ተቀምጦ አልበላልኝም፣ ቆሞ አልተማረልኝም፣ አገር ጥሎ ሄደብኝ። ፎቶዋን ሳይ 'ይህስ እውነት ነው፣ እንዲህ አድርጎ የሚይዝ ሰው በመቀስ አይቆረጥም' አልኩ። እስቲ እንዴት አድርገሽ እንደያዝሽው አሳዪኝ!"

ራሔል ሳቀችና የማቴዎስን ኮሌታ ጨመደደች። እማማ ወርቅነሽ ደግሞ በሌላው በኩል ያዙት። አቶ ዮሐንስ አንድ ቃል ሳይናገሩ ጎንበስ አሉ፤ የልጃቸውን የጨው ጆንያ ተሸክመው የጂንካው መኪና ላይ ጫኑት። እኔም እንባዬ እየወረደ ካሜራዬን አነሣሁ። ማቴዎስ በሁለት በኩል ታንቆ፣ እሱም እያለቀሰ፣ እንደምንም አንድ እጁን አስለቀቀና ወደ እኔ ጠቆመ፦

"ታዬ! ፀሐይዋ ከኋላችን ናት! ትንሽ ወደ ግ..."

"ዝም በል!" አሉት ሁለቱ ሴቶች በአንድ ድምፅ።

ዝም አለ። ሊቀመንበሩ መዝገባቸው ላይ የፈለጉትን ቀን ይጻፉ፤ እኔን ከጠየቃችሁኝ ማቴዎስ ያገባው ያኔ ነው።